ከመኪናው ላልወረደው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የወረዳችን የእርሻ ድጎማ ክፍያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሣር ነው ስለተባለው ስንዴያችን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው የተባልኩላቸው ባልደረቦችዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ከቀረበልኝም እበላለሁ ለማለት ነው እንጂ፣ እንቅልፍ የሚባለው ነገር ቤታችንን ከረሳው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ይህንንም የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን ስለ ጤና ሲጠያየቁ መዋሸት ነውር ስለሆነ ነው።

ደብዳቤዬን በግልጽ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በፖስታ አሽጌ አራት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። አራቱም ጽሕፈት ቤትዎ ለመግባታቸው ማኅተም የተመታበት ማረጋገጫ በእጄ አለ፤ ከገቡ በኋላ ምን እንደሆኑ የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የታሸገ ነገር መክፈት ለጽሕፈት ቤትዎ ቢከብደው ነው ብዬ ይህኛውን ሳላሽገው በገበያው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለጋዜጣም ልኬዋለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔና ወንድሜ ከአባታችን በወረስነው አንድ ማሳ ላይ አርሰን እንኖራለን። እኛ ሰፈር ማሳ ሁለት ዓመት ከታረሰ በሦስተኛው ያርፋል። ያረፈ ማሳ ደግሞ በሩ አይዘጋም፤ ጎረቤት ከብቱን ነድቶ ይገባል፣ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፣ ለባለማሳው ፍጉን ትቶለት ይወጣል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። በሩ ክፍት ከሆነ መሬቱ እያረፈ ነው፤ ከተዘጋ ታርሷል፤ ይህን ለማወቅ ወረቀት ማገላበጥ አያስፈልግም። ከሁለት ዓመት በፊት የኛ ማሳ ተራው ደርሶ ሲያርፍ ወንድሜ በሩን በገዛ እጁ ከፈተው፤ የጎረቤታችን የባለወፍጮው ላሞችም እንደ ልማዳቸው ገቡ። በዚያው ሳምንት የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ መጡ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ሁሉ በየተራ ላመሰግን።

አንደኛ፣ ተቆጣጣሪዎ ከመኪናቸው ባለመውረዳቸው አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጫማ ደግሞ በነጻ አይገኝም። እኔ አጥሩ ሥር አረም እየነቀልኩ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። መስኮቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረጉ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ክፍቱን በርና የባለወፍጮውን ላሞች አንድ ጊዜ ፎቶ አነሱ፣ መስኮቱን መልሰው ዘጉ። እጄን አንሥቼ ሰላም ስላቸው እሳቸውም እጃቸውን አነሡ፤ ሰው አክባሪ መሆናቸውን አልክድም። በዚያች አንዲት ፎቶ ምክንያት ማሳችን በመዝገብዎ ላይ «የግጦሽ መሬት» ሆነ፤ ተጠቃሚው ደግሞ ባለወፍጮው ሆነ። እኔ ከፎቶው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ያህል ወጣ ብዬ ቆሜ ስለነበር በመዝገቡ የለሁም።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ምስክር ምንም ነገር የማይሠራ ጥንቁቅ መሥሪያ ቤት በመሆኑ አመሰግናለሁ። ከፎቶው በኋላ ባለወፍጮው ቅጽ ሰባት የሚባል ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፤ ምስክር እንድሆነው ለመነኝ። ወረቀቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጠቀሰው ሰው እንስሳት በተጠቀሰው መሬት ላይ ይግጣሉ ወይስ አይግጡም? ይግጣሉ። እውነት ነው። እውነት ስለሆነ ፈረምኩ። መሬቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ቢኖር ኖሮ ለሱም እውነቱን እጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያ የተተወ ባዶ መስመር አልነበረም። ጎረቤት አንዲት ፊርማ ለምኖ እምቢ ማለት ደግሞ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ለወንድሜም አልነገርኩትም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ጥፋቶች የኔ የሆነው ይህ ነው፤ ቀሪውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዎ በተከታዩ ዓመት ጨርሶ ባለመምጣታቸው የነዳጅ ወጪ ስላተረፉ እንደ አንድ ግብር ከፋይ አመሰግናለሁ። አምና በሩን ዘግተን ባቄላ ዘራን፤ ባቄላው አብቦ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያየው ነበር። በመዝገብዎ ላይ ግን «እንደ አምናው» ተብሎ ተጻፈ። ዘንድሮ ስንዴ ዘራን፤ ስንዴው አሁን ደረት ላይ ደርሶ፣ ዛላው ከብዶት ዘንበል ብሎ፣ አጫጅ ይጠብቃል። በመዝገብዎ ላይ ደግሞ አሁንም «እንደ አምናው» ተብሏል። ከሁለት ቃላት በላይ ያላስፈለገው ጥልቅ የመስክ ጥናት በሕይወቴ ዓይቼ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ ባለወፍጮው አመሰግናለሁ። ይህንን የምለው ያለ ፌዝ ነው፤ ሰውን ቀስ በቀስ እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ጽሕፈት ቤትዎ አስተምሮኛልና። የመጀመሪያው ድጎማ ሲከፈለው ባለወፍጮው አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ግማሹን በፖስታ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ነው የሰጠኝ» አለኝ። በሳቅ አሰናበትኩት፤ ፖስታውንም መልሼ ኪሱ ከተትኩለት፣ ላሞቹ ፍጋቸውን ትተውልን ሄደዋል፣ ይበቃናል ብዬ። በሁለተኛው ክፍያ ጊዜ ሰላም ሊለኝ መጣ፤ ፖስታ አልያዘም፤ ስለ ወፍጮው ድንጋይ መሰንጠቅ አውርተን ተለያየን። ዘንድሮ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልክ እንደሚያናግር ሰው እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ስልኩ ሌላኛው እጁ ላይ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ክፉ ነው ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ነገር ግን አንድ ነገር የአንተ ነው እያሉ በማኅተም ሦስት ጊዜ ቢጽፉልዎ እርስዎም ራስዎ ማመን ይጀምሩ ነበር።

አምስተኛ፣ ሦስተኛውን ክፍያ የሚመለከተውን ደንብዎን በግልጽ ቋንቋ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። በአንድ መሬት ላይ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ድጎማ የተቀበለ ሰው ከሦስተኛው ክፍያ ቀን ጀምሮ የመሬቱ ቋሚ ተጠቃሚ ይሆናል ይላል። ሦስተኛው ክፍያ የሚፈጸመው በሚመጣው ዓርብ ነው። ስለዚህ በዓርብ ማሳችን የባለወፍጮው ይሆናል፤ በላዩ ላይ የቆመው ስንዴ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ስለሌለ የማንም አይሆንም። ይህንን የሚገልጸው ደብዳቤ ከሁለት ወር በፊት ሲደርሰን ወንድሜ ደጋግሞ አነበበው፤ ከዚያም ወጥቶ ማሳውን ዞረው፤ ተመልሶ መጥቶም የተሳሳተ አድራሻ ይሆናል አለኝ።

ስድስተኛው ምስጋናዬ ስለ መስተንግዶዎ ነውና ትንሽ ቢረዝም ይታገሱኝ። አራት ጊዜ መጥቼ ደጅ ጠንቻለሁ። የግቢዎ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት መሆኑን፣ ለእንግዶች ጉብኝት ተብሎ የተተከለው ሣርም እጅግ ለምለም መሆኑን ያስተዋልኩት ያኔ ነው፤ በእውነት ዓይን የሚያሳርፍ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሁለተኛው ስመጣም ስብሰባው አላለቀም ነበር። በሦስተኛው ብልጠት መጣልኝና ከማሳችን አንድ እቅፍ ስንዴ ከነአገዳው አጭጄ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ይኸውላችሁ፣ ሣር ይህን ይመስላል ወይ ልላችሁ ይዤ መጣሁ። ጥበቃው በር ላይ አስቆመኝ፤ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለኝ። የእርሻ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስንዴ ይዞ መግባት እንደማይቻል ስላላወቅሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሱም አዝኖልኝ ስንዴውን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አስቀመጠልኝ፤ ስወጣ ግማሹን እርግቦች በልተውታል።

ያለ ስንዴዬ መዝገብ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር አቀረበችልኝ፣ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውርዳ አቧራውን አራግፋ ከፈተችልኝ፣ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች ፈለገችልኝ። ከዚያም ቀና ብላ በሐዘን አየችኝና፣ «እናቴ፣ መዝገቡ ላይ ስንዴ የለም» አለችኝ። መሬቱ ላይ ግን አለ አልኳት። እሷ የምትሠራው በመዝገቡ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ። ቀጥላም የማስረጃውን ቅጂ ሰጠችኝ፤ ከፎቶው ሥር ቅጽ ሰባት ተያይዞ፣ ከቅጹም ሥር የኔ ፊርማ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ፊርማዬን አየው። እኔን አላየኝም።

ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ያን ቀን ግን የሚያልቅ አልመስል አለኝ። ወንድሜ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ቤት ስንደርስ ጫማውን እያወለቀ፣ «አንቺው ነሽ የሰጠሻቸው» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ወንድሜ ያሳደገኝ ሰው ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ሞፈር የጨበጠው እኔ እንድማር ነው፤ ይኸው ተምሬ ፈረምኩለት። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንጀቴን የሚቆርጠው ይህ ነው፤ ለዚህኛው ምስጋና አላዘጋጀሁም። መልሶ ያናገረኝ ለምን እንደሆነ በስተመጨረሻ እነግርዎታለሁ።

በአራተኛው ስመጣ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለችኝ ሳለ ከቢሮዎ ውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር። ጎል ገብቶ ተመልካቹ ሲጮኽ እርስዎም አብረው ሲጮኹ ሰማሁ። ስብሰባው ውጤታማ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ሰባተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ተቀምጬ ነበር፤ ሆኖም ባለፈው ሰኞ የሆነው ነገር በቁጥር የሚቀመጥ አልሆነልኝም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማሳው ስንወርድ በራችን ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘን። ያ በር ከአባታችን ዘመን ጀምሮ በገመድ ይታሰራል እንጂ ቁልፍ ገብቶበት አያውቅም። ከበሩ ወዲያ፣ ስንዴያችን ውስጥ፣ ባለወፍጮው የቀጠረው ዘበኛ ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ እስከ ዓርብ ማንም እንዳይገባ ታዝዣለሁ አለ። ወንድሜ ወደ ቤት ተመልሶ ድንጋይ የምንፈነቅልበትን ብረት ይዞ መጣ። ወንድሜ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዘበኛው ሠላሳ አይሞላውም። መሀላቸው ገብቼ ጀርባዬን ለቁልፉ ሰጥቼ ቆምኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ብረቱን ከእጁ ስቀበለው እንደ እሳት ይፋጅ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ፤ ለካ የጨበጠው በጣም አጥብቆ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ጠዋት ወጥቶ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ወፎች ስንዴውን ይለቅማሉ፤ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ በወንጭፍ ያባርራቸዋል፤ የሚደርስለት ግን የፊተኛው መስመር ብቻ ነው። ዘበኛው አንድ ሁለቴ ውኃ አቀብሎታል፤ እሱም የደሃ ልጅ ነው። ትናንት ምሳ ሳደርስለት፣ እባክህ ፀሐይ ነው ግባ ብለው፣ «እስከ ዓርብ እቀመጣለሁ። ከዓርብ በኋላ ግን አልቀመጥም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ኖሮ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። ብረቱን ከአልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ነገር ግን በገበሬ ቤት ብረት አንድ ብቻ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የምፈራው መሬቱን ማጣት ብቻ አይደለም። ዓርብ ጠዋት በዚያ በር ላይ አንዱ ሬሳ፣ አንዱ እስረኛ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሁለቱም ቅጽ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት አይሞላምና ለእርስዎ ይህ የሥራ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የምለምንዎት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፦ ከዓርብ በፊት አንድ ሰው መኪና ይዞ ይምጣ፣ በሩን ከፍቶ ይውረድ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ይራመድ፣ አንድ ዛላ ስንዴ በመዳፉ ፈትጎ ይየው። መንገዱ አሁን ደረቅ ነው። ጫማው ምንም አይሆንም፤ ከሆነም እኔ እጠርግለታለሁ።

ውድ ጊዜዎን፣ ምናልባትም የሁለተኛውን አጋማሽ ጨዋታ ስላቋረጥኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለገበሬው ያለውን ርኅራኄ ከመንገድ ዳር፣ በግማሽ መስኮት፣ እንዲሁ ሲያሳየን እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ደጅ ለመጥናት ባልደከሙ እግሮችና ለመፈረም በተጸጸተች እጅ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ስንዴዋ በመዝገብ ላይ ሣር የሆነባት፣
የድንጋዩ ላይ ተቀማጭ እህት

ግልባጭ፦
ለባለወፍጮው፣ ስልኩን ከጆሮው ሲያወርድ እንዲያነበው
ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ከምስጋና ጋር
ለተቆጣጣሪው መኪና

ድኅረ ጽሑፍ። ወንድሜ መልሶ ያናገረኝ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ከአራተኛው ጉብኝቴ ማግስት ሦስት ፍየሎቼን ነድቼ በጽሕፈት ቤትዎ አጠገብ ሳልፍ በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነበር፤ ፍየሎቹም በኛ ሰፈር ልማድ ግቢው እያረፈ መስሏቸው ገቡ። ያንን ለምለም ሣር፣ በመስኮትዎ ሥር ካሉት አበቦች ጋር፣ አንድ ሰዓት ያህል ጋጡት። የአክስቴ ልጅ ታክሲ ይነዳል፤ ከውስጡ ሳልወርድ፣ መስኮቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ደንብዎ አንድ ፎቶ አነሣሁ። ቅጽ ሰባትን ሞላሁ። አንደኛው ምስክር ፍየሎቹን ሲያባርር የነበረው ጥበቃዎ ነው፤ ጋጡ ወይስ አልጋጡም ብዬ ስጠይቀው፣ ሙልጭ አድርገው ነው እንጂ ብሎ በንዴት ፈረመልኝ። ሁለተኛው ምስክር ወንድሜ ነው፤ ቅጹን ሦስት ጊዜ አንብቦ ፈረመና ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። ማመልከቻዬን አስገባሁ። ባለፈው ረቡዕ መልሱ መጣ፦ ባንዲራ የተሰቀለበት፣ ከዋናው መንገድ በስተግራ ያለው ግቢ የግጦሽ መሬት መሆኑ፣ እኔም የመሬቱ ተጠቃሚ መሆኔ በመስክ ተረጋግጧል፤ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያዬም በመጪው ዓርብ፣ ከባለወፍጮው ጋር በአንድ ሰልፍ ይሰጠኛል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጎን ገበያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ እያነበበው ነው። ሁለት ጊዜ «እንደ አምናው» ከተባለልኝ ቢሮዎ የፍየሎቼ ነው። እኔ ግቢዎን አልፈልገውም፤ ዓርብ እስከ ቀትር ድረስ በራችን ከተከፈተ ማመልከቻዬን መልሼ እወስዳለሁ። ካልተከፈተ ደግሞ የኛ ሰፈር ሰው ትዕግሥት አለው። ቁልፍ ገና አልገዛንም፤ ወንድሜ ግን የበርዎን ስፋት ለክቶ መጥቷል።